ሦስት መስኮት፣ አንድ ወንበር

መስከረም 20 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተሳሰረች ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮድዌይ በሚባለው ቲያትር ቤት የተሰበሰበው ታዳሚ መጀመሪያ ያየው ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ሎዌል ቶማስ የተባለው ስመ ጥር የዜና ሰው ስለ ሥዕልና ስለ ሲኒማ ታሪክ ረጋ ብሎ ያወራል። ታዳሚው ‹‹ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?›› ማለት ሲጀምር መጋረጃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈት ገባ፤ አሁን ይቆማል ሲሉት አልቆም አለ። ሸራው ፊታቸውንም ጎናቸውንም ያዘ። ቀጥሎ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው የመዝናኛ ባቡር፣ ሮለር ኮስተር የሚሉት፣ ሰዉን ሁሉ ይዞ ወረደ። የወንበሩን እጀታ ያልጨበጠና ያልጮኸ ጥቂት ነበር ይባላል።

የፊልሙ ስም ‹‹ይህ ሲኒራማ ነው›› ነው። ሲኒራማ አንዱን ትዕይንት በአንድ ላይ በታሰሩ ሦስት ሌንሶች በሦስት ፊልም ላይ ይቀርጻል፣ በሦስት ፕሮጀክተር ደግሞ ጎን ለጎን ገጥሞ ያሳያል። ዛሬ ፒያሳ ተዘዋውሮ መሪና ፔዳል ያገኘ፣ ሦስት ሞኒተር ደርድሮ ቤቱ ውስጥ የውድድር መኪና ሊነዳ የሚያስብ ወጣት ሳያውቀው የሚደግመው ይህንኑ ነው። ሲኒራማ በሦስት ፊልም የኖረው ዐሥር ዓመት ብቻ ነበር። እንዴት እንደተፀነሰና በምን እንደሞተ ያወቀ ሰው ሞኒተር ሊገዛ ሲወጣ ገንዘቡን የት ማዋል፣ የት መቆጠብ እንዳለበት ከሻጩ የተሻለ ያውቃል ባይ ነኝ።

የሐሳቡ ባለቤት ፍሬድ ዎለር ነው። ፓራማውንት በተባለው የፊልም ኩባንያ የልዩ ቀረጻ ክፍል የመራ፣ እጁ አርፎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የውሃ ላይ ስኪ ፈጠራ መብት ያስመዘገበውም እሱ ነው። በሰፊ ሌንስ የተነሣ ምስል ጥልቀት ያለው የሚመስለው ለምንድን ነው ብሎ ሲመራመር የደረሰበት መልስ ስለ ሌንስ ሳይሆን ስለ ዓይን ሆነ። ሰው ርቀትንና ፍጥነትን የሚገምተው ፊት ለፊት አተኩሮ በሚያየው ብቻ አይደለም፤ ሳያተኩር በዓይኑ ጠርዝ በሚይዘውም ነው። ስለዚህ ዎለር የተነሣው ‹‹ምን ያህል ትልቅ ሸራ ልስቀል?›› ከሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ‹‹የተቀመጠ ሰው ዓይን ከየት እስከ የት ይሸፈን?›› ከሚለው ነበር።

በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. 11 ፕሮጀክተር የሚፈልግ ቪታራማ የሚባል ነገር ሠራ፤ ማንም ገንዘብ ሊያወጣበት የሚደፍረው አልነበረም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን የአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን ተኳሾችን መሬት ላይ ማሠልጠን ፈለገ። ዎለር ፕሮጀክተሮቹን ወደ አምስት ቀንሶ፣ በሠልጣኞቹ ፊት ጎድጓዳ ሸራ ዘርግቶ፣ የጠላት አውሮፕላን ከየአቅጣጫው እየመጣ የሚተኩሱበት ማሠልጠኛ አበጀ። ከጦርነቱ በኋላ አምስቱ ወደ ሦስት ወርደው ሲኒራማ ሆኑ። እንግዲህ የሦስት ስክሪን ነገር ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ሲሙሌተር ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ወደ መሪና ፔዳል መመለሱ ወደ ተወለደበት ቤት መግባቱ ነው።

ለነጂ የጠርዝ ዕይታ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል የሚወርድ የሚኒባስ ሾፌር ግራና ቀኝ ዞር እያለ አያይም፤ ግን በጎኑ አፍንጫውን ያስገባውን ታክሲ፣ ከእግረኛ መንገድ ወርዶ ሊሻገር የሚያመነታውን ሰው ያውቃቸዋል። በአንድ ሞኒተር የሚነዳ ተጫዋች ይህ የለውም። መታጠፊያ ላይ ጎን ለጎን የገባውን ተወዳዳሪ አያየውም፤ የሚያውቀው ሲጋጩ ነው። ብዙው መድኃኒት ብሎ የሚያደርገው በጨዋታው ውስጥ የዕይታውን ስፋት መጨመር ነው። ያኔ ጎኑ ይታያል፣ ዋጋው ግን ሁሉም ነገር መራቁና ማነሱ ነው፤ ገና ሩቅ የመሰለው መታጠፊያ ድንገት እግሩ ሥር ይደርሳል፣ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ይጠፋል። ሁለቱ የጎን ስክሪኖች የሚገዙት መካከለኛውን ከዚህ ውሸት ለማዳን ነው።

ሲኒራማ የሸፈነው ወደ ጎን 146 ዲግሪ ነበር፤ ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ፊልም 49 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሰው ሁለት ዓይን በጋራ ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ዎለር ቀሪውን የተወው የዓይን ጠርዝ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ጥቅም ሦስት ላይ አራተኛ ፕሮጀክተር ስለማያስጨምር ነው ብዬ እገምታለሁ። እኔም ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ቁጥር አላውቅም።

በሽታው ግን ከወንበሩ ጋር አብሮ ተወለደ። ሦስት ጠፍጣፋ ምስሎች ተገጥመው አንድ የሚሆኑት ካሜራዎቹ በነበሩበት ቦታ ልክ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ከመካከለኛው ወንበር ግራ ወይም ቀኝ ሲኬድ ቀጥ ያለው የባቡር ሐዲድ መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል፤ አድማሱ ጉልበቱን እንዳጠፈ ሰው እጥፍ ይላል። ተዋንያንም ተቸገሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው ‹‹ምዕራቡ እንዴት ድል ተደረገ›› በሚለው ፊልም አንዱ በግራው ሌላው በመካከለኛው ክፍል የቆሙ ሁለት ሰዎች እውነት ዓይን ለዓይን ቢተያዩ ሸራው ላይ የተላለፉ ይመስላሉ፤ ስለዚህ የሌለ ቦታ እያዩ እንዲናገሩ ይደረግ ነበር። ዳይሬክተሮቹ ጆን ፎርድ፣ ሄንሪ ሃታዌይና ጆርጅ ማርሻል ናቸው፤ እነዚህን የሚያህሉ ሰዎች በመገጣጠሚያው ላይ ዛፍና ምሰሶ እያስቆሙ ስፌት ሲደብቁ ከረሙ።

አንድ ሺህ ሰው የሚያስተናግድ አዳራሽ ሁሉንም መሀል ላይ ማስቀመጥ አይችልም። ለሁለት ሰው ግን መፍትሔ ተገኝቶለታል፤ እሱም ቦሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በሚያሠለጥንበት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ ያሉት ሙሉ የበረራ ሲሙሌተሮች ካፒቴኑንና ረዳት አብራሪውን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ተራ ሸራ ቢሆን ማኮብኮቢያው ለአንዱ ቀጥ ብሎ ለሌላው ይጣመምበት ነበር። የዚህ ዓይነት ሲሙሌተር ፕሮጀክተሮች ምስሉን የሚጥሉት ከአብራሪዎቹ ራስ በላይ ባለ ስክሪን ላይ ነው፤ አብራሪዎቹ የሚያዩት በትልቅ ጎድጓዳ መስተዋት ተመልሶ የመጣውን ነው። መስተዋቱ ብርሃኑን ከሩቅ እንደመጣ አድርጎ ይልከዋል፤ ሁለቱም አብራሪዎች አውሮፕላን ማረፊያውን ልክ ፊት ለፊታቸው፣ ልክ ሩቅ አድርገው ያያሉ። እንግሊዝ አገር ሬዲፊዩዥን የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ይህ ዘዴ ያኔም የሠራው በሦስት ፕሮጀክተር ነበር።

ቤቱ ውስጥ የሚነዳ ሰው ወንበሩ አንድ ነው። ሲኒራማን ያስቸገረው ዋናው ጉድለት ለእሱ በነፃ ተወግዶለታል፤ መስተዋትም ሌላም አያስፈልገው። የሚያሳዝነው ይህን ዕድል ገበያ ውስጥ ጥለነው መምጣታችን ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሞኒተር ይገዛል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንደቻለው ይደረድራል፣ ወንበሩን በመጨረሻ ባገኘው ክፍተት ያስገባል። ዎለር እንዳደረገው ከዓይን ቢነሣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ወንበርና መሪ መጀመሪያ፣ ርቀት ቀጥሎ፣ የሞኒተር መጠን ከሁሉም በኋላ።

ሒሳቡ ትንሽ ነው። 27 ኢንች የሚባለው ሞኒተር የብርሃኑ ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይን ከመካከሉ 66 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ አንዱ ስክሪን ወደ 49 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ሦስቱ ሲደመሩ የሲኒራማ 146 ይሞላል። 24 ኢንቹ ያንኑ ለመሸፈን ወደ 58 ሴንቲ ሜትር መቅረብ ይፈልጋል፤ 32 ኢንቹ እስከ 78 ይፈቅዳል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እንጂ ‹‹ትልቅ ይሻላል›› የሚባለው ነገር በራሱ ትርጉም የለውም። 32 ኢንች ገዝቶ አንድ ሜትር ከሃያ ርቆ የተቀመጠ ሰው 24 ኢንች ገዝቶ ከተጠጋው ያነሰ ነው የሚያየው።

መጠጋት ደግሞ የሚፈቀደው መሪው እስከፈቀደ ነው። የመሪው ሞተር ከመሪው ጀርባ ወደ ፊት ይወጣል፤ ኃይለኛ የሆኑት ረዥም ናቸው። መካከለኛው ስክሪን ከዚያ ሞተር በላይ ወይም ልክ ከኋላው መቆም አለበት። እጅን አጠፍ አድርጎ መሪ ጨብጦ፣ ሌላ ሰው በሜትር ከዓይን እስከ ሞተሩ ጫፍ ይለካ፤ የሚመጣው ቁጥር የትኛውን ኢንች መግዛት እንዳለበት ይነግረዋል። 65 አካባቢ ከሆነ 27፣ 75ን ካለፈ 32። ገበያ ከመውጣት በፊት የሚደረገው ይህ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን የማወራው ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም በማይርቅ የብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ከሁለት ጓደኛሞች ጋር ቆሜ ስለነበር ነው። አንደኛው ዘመዴ ነው፤ መቆሚያ ሊያሠሩ ነው የመጡት፤ ሞኒተሩን ገና አልገዙም፣ ጥሩ አደረጉ። ድልድዩ የተጠራበት ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ የምኒልክ የጦር ሚኒስትር፣ በ1919 ዓ.ም. ያረፉ፣ በብልህ ፍርዳቸው ‹‹አባ መላ›› የተባሉ ሰው ናቸው፤ በያጁም ለዚህ ስም የሚመጥን ሰው ሆኖ አገኘሁት። ልጆቹ በስልክ ያሳዩት ሥዕል ላይ ሦስቱም ስክሪን በአንድ ወጥ ቱቦላሬ ላይ ተሰቅሏል።

‹‹ጎኑን ስንት ዲግሪ ልስበረው?›› አለ በያጁ።

‹‹ሁሉም የሚያደርገው ስልሳ ነው ጋሼ›› አለ ዘመዴ፣ ለእሱም ለእኔም።

‹‹ሁሉም የሚቀመጠው አንተ በምትቀመጥበት ነው?›› አልኩት።

በያጁ ሲባጎ አመጣ። ደጃፉ ላይ በኖራ ሦስት መስመር ሣለ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር፤ የተቀመጠው ሰው ዓይን በሚሆንበት ቦታ ድንጋይ አስቀመጠ። ከድንጋዩ እስከ መካከለኛው መስመር እኩሌታ 66 ለካና ሲባጎውን በዚያ ልክ ቋጠረ። ከዚያ የጎኖቹን መስመሮች እየጠፋ እያሰመረ፣ የእነሱም እኩሌታ ቋጠሮው ላይ እስኪያርፍ፣ ሁለቱም ጫፋቸው ከድንጋዩ እኩል እስኪርቅ ድረስ አዞራቸው። ጫፎቹ ሁሉ 72 ተኩል አካባቢ መጡ። ማዕዘኑን ሲለካው 49 ሆነ፤ የሞኒተሩን ጠርዝ ውፍረት ጨምረን 50 አልነው። ስልሳ ቢሰበር ኖሮ የጎኖቹ ውጪኛ ጫፍ ወደ ልጁ ትከሻ ይመጣና ስክሪኑ ፊቱን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ጉልበቱ ያዞር ነበር።

‹‹ብየደው እንግዲህ›› አለ ሁለተኛው ልጅ።

‹‹አልበይደውም›› አለ በያጁ። ‹‹ነገ ሌላ ቲቪ ብትገዙ ትመጡና ቁረጥልን ትሉኛላችሁ። የበር ማጠፊያ አደርግበታለሁ፤ ከሥሩ ቀዳዳውን አስረዝሜ በቡሎን ነው የምይዘው።›› ደግሞም አንድ ነገር ጨመረ፤ መቆሚያው ከመሪው ጠረጴዛ ጋር እንዳይያያዝ። መሪው መንገጫገጩን ከልጆቹ ሰምቶ ነው፤ የሚንገጫገጭ ነገር ላይ መስተዋት አይሰቀልም አለ። የሚያውቁት ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ የስክሪን መቆሚያ በራሱ እግር ይቁም።

ከዚህ የሚተርፈው ለገዢው አንድ ግዴታ ነው። የሚገዛው ሞኒተር ከጀርባው አራት የቡሎን ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ ቬሳ ይሉታል፤ በዚህ መጠን ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያለ አራት ማዕዘን ነው። ርካሽ ከሆኑት ውስጥ ይህ የሌላቸው አሉ። እነሱን ይዞ ወደ በያጅ መሄድ ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ። በሲኒራማ ሦስቱ ምስሎች በሚደራረቡበት ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ የብርሃን መስመር ይታይ ነበር። መሐንዲሶቹ ፕሮጀክተሩ በር ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ትንሽ ብረት ሰክተው በፍጥነት እያንቀጠቀጡ ጠርዙን ያደበዝዙት ነበር፤ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ ገዢዎች ከሁሉ በላይ የሚጨነቁበት ይኸው የሞኒተር ጠርዝ ነው፤ ስለ እሱ ሲባል ብዙ ብር የሚጨምር ሰው አውቃለሁ። በእኔ ግምት ይህ ብር የባከነ ነው። መገጣጠሚያው የሚያርፈው ከፊት 25 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ነው፤ እውነተኛ መኪናም እዚያው አካባቢ የፊት መስተዋቱን የሚይዝ ብረት አለው። ፎርድና ሃታዌይ ምሰሶ ያስቆሙበት ቦታ ላይ መኪናው ራሱ ምሰሶ አቁሟል። ጨዋታው የጠርዙን ውፍረት ከተነገረው መንገዱን ከጠርዙ ጀርባ አሳልፎ ይሥለዋል፤ ዓይንም በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። ቀጭን ጠርዝ ከተገኘ ጥሩ፤ ለእሱ ሲባል ግን ሌላ ነገር አይጉደል።

ሌላው ነገር ደግሞ መመሳሰል ነው። ሲኒራማን ያየ ሰው ሁሉ የሚያነሣው፣ ሦስቱ ፊልሞች ቀለማቸው አንድ ካልሆነ ሰማዩ ሦስት ሰማይ እንደሚሆን ነው። ሞኒተርም እንዲሁ። የተለያየ ኩባንያ ይቅርና፣ ያው ኩባንያ ሆኖ የተለያየ ሞዴል የሆኑ ሁለት ሞኒተሮች በማስተካከያ ብዛት አንድ አይሆኑም፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ፣ ብዙዎቻችን እሱው ነን፣ አደጋው ዕድሜም ጭምር ነው። ቢሮ ውስጥ አምስት ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ የበራ ሞኒተር ከመጋዘን ከወጣ ወንድሙ ጋር አይመሳሰልም፤ የጀርባ መብራቱ ደክሟል። በሦስት የተለያየ ሳምንት፣ በሦስት የተለያየ ሱቅ፣ ‹‹ርካሽ ሲገኝ›› እየተባለ የሚገዛ ሞኒተር በመጨረሻ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ፣ ከጀርባቸው ያለው የሞዴል ቁጥርና የምርት ወር ተነቦ መግዛት ይሻላል። ከመክፈል በፊት ሦስቱም ጎን ለጎን ይብሩ፣ ባዶ ነጭ ገጽ ይከፈትባቸው፣ ቀጥሎ ባዶ ጥቁር። ነጩ ላይ ቢጫው፣ ጥቁሩ ላይ ከጥጉ የሚያፈተልከው ብርሃን ይታያል።

የብርሃን ነገር ሲነሣ ሲኒራማ የሠራው አንድ ብልሃት አለ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሸራው ጎድጓዳ ስለሆነ ከግራው የሚነሣ ብርሃን ቀኙ ላይ እያረፈ ምስሉን ያነጣው ነበር። ዎለር ሸራውን አንድ ወጥ ከማድረግ ይልቅ ከላይ እስከ ታች የወረዱ 1,100 ያህል ቀጫጭን ጥብጣቦች አድርጎ ሠራው፣ እያንዳንዱን ወደ ታዳሚው አዞረው፤ የጎን ብርሃን ወደ ጥብጣቦቹ ጀርባ እየሄደ ቀረ። ሦስት ሞኒተርም እርስ በርስ የሚተያይ ግድግዳ ነው። አብረቅራቂ መስተዋት ያለው ሞኒተር የጎረቤቱን ምስል ይቀበላል፤ ስለዚህ ፊቱ ደብዘዝ ያለው ይመረጥ። መስኮት ከነጂው ጀርባ አይሁን።

ከስክሪን ዓይነቶች ውስጥ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ የሌሊት ውድድር ያምርበታል፤ ግን ጨለማ ቦታ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ጭራ ያስከትላል፣ ከጎን ሲታይም ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ከጎን ሲታይ ግን ይጸናል። በሲባጎ ተለክቶ ፊቱን ወደ ነጂው ያዞረ ስክሪን ጠርዙ የሚታየው በ25 ዲግሪ ስለሆነ ልዩነቱ እንደሚወራው አያሰጋም። እኔ አይፒኤስ እመርጣለሁ፤ ቪኤ በተሻለ ዋጋ ያገኘ ሰው ግን ተሳሳተ አልልም። ቲኤን የሚባለው አሮጌው ዓይነት ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይሁን። የተጠማዘዘ ሞኒተርንም ለሦስት አልመክርም፤ ጨዋታው እያንዳንዱን ስክሪን ጠፍጣፋ ነው ብሎ አስቦ ነው የሚሥለው።

ሲኒራማን በመጨረሻ የቀበረው ሒሳብ ነው። ሦስት ፕሮጀክተር ማለት ሦስት የፕሮጀክተር ክፍል፣ ሦስት ባለሙያ፣ በተጨማሪም ሰባት መስመር ያለውን ድምፅ የሚቆጣጠር ሰው ማለት ነበር። አንዱ ፊልም ቢበጠስ ከሌሎቹ ጋር እንዲሄድ የጎደለው ቁራጭ በጥቁር ፊልም መተካት ነበረበት። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤፍ 355 ቻሌንጅ የተባለውን የፌራሪ ጨዋታ በሦስት ስክሪን ለመዝናኛ ቤቶች ሲሠራ ያንኑ ዕዳ ከፈለ፤ ለእያንዳንዱ ስክሪን አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስቱን የሚያስማማ አራተኛ።

ዛሬ ዕዳው ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ካርዱን የማይጠይቅ ሞኒተር ገዢ ደግሞ ይጸጸታል። ተራው ጥራት፣ 1920 በ1080 የሚባለው፣ ለሦስት ሲሆን 6.2 ሚሊዮን ነጥብ ነው። 2560 በ1440 ለሦስት 11 ሚሊዮን ያልፋል፤ ይህ አንድ 4ኬ ቴሌቪዥን ካለው 8.3 ሚሊዮን ይበልጣል። ሦስት 4ኬ ወደ 25 ሚሊዮን ነው፤ የሚጎትተው ካርድ ዋጋ ከሦስቱ ሞኒተር ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ደግሞ በሰከንድ 60 ወይም 144 ጊዜ ይሣላል። ለመንዳት ከጥራቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ መኪናው ሲንሸራተት ዜናውን ቀድሞ የሚያደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ መካከለኛ ካርድ ያለው ሰው 24 ኢንች ባለ 1080 ሦስት ወስዶ 58 ሴንቲ ሜትር ይጠጋ፤ መሪው ካልፈቀደለት 27 ባለ 1440 ገዝቶ የጨዋታውን ጌጥ፣ ጥላውንና የተመልካቹን ብዛት፣ ይቀንስ። 27 ኢንች ላይ 1080 ግን ነጥቡ ጎልቶ ሩቅ ያለው የፍሬን ምልክት ይደበዝዛል። ካርዱ ሦስት መውጫ እንዳለው፣ መውጫዎቹ ከሞኒተሩ መግቢያ ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸውም አስቀድሞ ይታይ።

የሲኒማው ዓለም ከዚህ ዕዳ የወጣው በአንድ ፕሮጀክተር ነው። ሲኒማስኮፕ በ1953 እ.ኤ.አ. ምስሉን በሌንስ ጨምቆ በአንድ ፊልም ላይ አስገባው፤ የዓለም ተራ ሲኒማ ቤቶች ሰፊ ሥዕል ያገኙት በዚያ መንገድ ነው። ሲኒራማ ራሱ በ1963 እ.ኤ.አ. ሦስቱን ትቶ በአንድ ሰፊ 70 ሚሊ ሜትር ፊልም ማሳየት ጀመረ። ስሙ ቀረ፣ ስፌቱ ጠፋ፣ የጎኑ ዕይታም አብሮ ጠበበ። የዚያ አቻ ዛሬ 49 ኢንቹ የተጠማዘዘ ሞኒተር ነው፤ ሳምሰንግ ኦዲሲ ጂ9 የሚባለው ከታወቁት አንዱ ነው፤ 5120 በ1440፣ ሁለት 27 ኢንች ተገጥመው እንደማለት። ስፌት የለውም፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ ገመዱ አንድ ነው፣ ለካርዱም ከሦስት 1440 በሢሶ ይቀልላል። 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚሸፍነው ከ90 ዲግሪ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ጎንህ የገባው መኪና ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ አይታይም።

ክፍሉ ጠባብ የሆነ፣ ጠረጴዛውን ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር ለትምህርት የሚካፈል፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን ሰዓት ለማሻሻል የሚነዳ ሰው ይህንኑ ይውሰድ። ከሰው ጋር ጎን ለጎን መታጠፊያ መግባት የሚወድ ሰው ግን ሦስቱን ይግዛ። ከድልድዩ አጠገብ ያሉት ሁለት ጓደኛሞች ሦስቱን መርጠዋል፤ 27፣ አይፒኤስ፣ ከአንድ ሻጭ። በያጁ ማጠፊያውን ለመግጠም የሞኒተሩን ጀርባ ማየት እፈልጋለሁ ስላለ መቆሚያው እስኪገዙ ድረስ ሳይቀባ ይቆያል፤ ቀብዱን ግን ተቀብሏል።